ከጨጓራው ሽፋን ስር

አባቴ ሮብ ገበያ አቅራቢያ ባለ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሰገራቸው እንደ ጥላሸት መጥቆሩን እያዩ ለማንም ሳይናገሩ ከረሙ። አንድ ቀን የቅኔ ጉባኤው ላይ ተዝለፍልፈው ሲወድቁ ተማሪዎቻቸው እኔ ወደማስተምርበት ወደ ደብረ ማርቆስ ይዘዋቸው መጡ።

ሐኪሙ በአፋቸው ካሜራ አስገብቶ የጨጓራቸው ግድግዳ ላይ እብጠት አየ። ናሙና ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ። «የካንሰር ምልክት የለም» የሚል ውጤት ሲመጣ እናቴ እልል አለች። ሐኪሙ ግን ለብቻዬ ጠራኝ።

«እብጠቱ ከሽፋኑ ስር ነው» አለኝ። «መቆንጠጫዬ ያነሳው ላይኛውን ሽፋን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጤነኛ ነው። ስለ እብጠቱ ገና ምንም አናውቅም።»

«ጠለቅ አድርጎ መቆንጠጥ አይቻልም?»

«እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ደሙ ሲበዛ ተውኩት። አዲስ አበባ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ካሜራ አለ፤ እብጠቱን እያዩ በመርፌ ከውስጥ ይወስዳሉ። ቶሎ ውሰጃቸው።»

መንገዱ ግን በጸጥታ ችግር ምክንያት ተዘግቶ ነበር። አባቴም «ነጻ ነህ ተብያለሁ» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። መንገዱ ተከፍቶ አዲስ አበባ ስንደርስ ከስተው ልብሳቸው ሰፍቷቸው ነበር። በመርፌው የተወሰደው ናሙና ከጨጓራው ጡንቻ የተነሳ ካንሰር መሆኑን አሳየ። ጉበታቸውም ውስጥ ገብቷል።

ታላቅ ወንድሜ «እንዳትነግሪያቸው! ተስፋ ይቆርጣሉ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። አባቴ ግን አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ፊቴን አዩ።

«ልጄ፣ ምን አሉሽ?»

ብርድ ልብሳቸውን ማስተካከል ጀመርኩ።

«እኔ እኮ ንስሐ የምገባ፣ ወንበሬን ለሌላ የማስረክብ ሰው ነኝ። አትደብቂኝ።»

ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ «ታዲያ ያን ጊዜ ነጻ ነህ ያሉኝ?» አሉ።

«ያን ጊዜ የነኩት ላይኛውን ብቻ ነው፣ አባባ። በሽታው ከስር ነበር።»

የታዘዘላቸውን ኪኒን ጀመሩ፤ አላሻላቸውም። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ወንበራቸውን ግን በሕይወት ሳሉ ለደቀ መዝሙራቸው ሰጥተው ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ «በሽታውን የበተነው መርፌው ነው» ትላለች። ሐኪሙ መርፌው እንዳልበተነው አስረድቶኛል። ከእሷ ጋር መከራከር ግን ትቻለሁ።