የግራው ኩሽኔታ

የእስር ክፍሉ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። በሩ ሥር የላስቲክ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ጥንዳቸው ጠፍቶ ከማይመስላቸው ጋር ተጋጥመዋል። ከጫማዎቹ ወዲያ እግሮች፣ ከዚያ ግራጫ ብርድ ልብሶች፣ ከዚያ የሴቶች ፊት። የደማም ሙቀት ውጭ ቀርቷል፤ ውስጡ ማቀዝቀዣው አጥንት ድረስ ይገባል። በረኪናና ያደረ ሩዝ ይሸታል።

አብረን የተያዝነው አንድ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። የተያዝነው ኾበር ውስጥ ነው፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ለጸሎት በተሰበሰብንበት ክፍል። በዚያ የዐረብ አገር ቤተ ክርስቲያን የለም። ነጠላችንን ቦርሳ ውስጥ ከተን እንሄዳለን፤ መጋረጃውን ዘግተን በሹክሹክታ እንጸልያለን። ክፍሉን ያገኘችልንና ጸሎቱን የምትመራው አንዲት የአገራችን ልጅ ነበረች፤ የሆስፒታል ነርስ ናት። ያን ቀን ተረኛ ስለነበረች ቀድማን ወጣች። እሷ በሊፍት ስትወርድ ፖሊሶቹ በደረጃ ወጡ።

በዕድሜ የምትበልጠን ጎንደሬ ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሟን ማንም እንዳይጠራ» አለች። «የጸሎቱ ክፍል አገሩ በገባ ሰው ስም ነው የተከራየው። እኛ ካልተናገርን አያገኟትም። ከተናገርን ግን ሥራዋም የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማዋም ኸላስ፣ ያከትማል።»

አንዷ ወደ እኔ በአገጯ አመለከተች። «እኛስ እሺ። ይቺን ምን እናድርጋት? ይቺ እኮ ‹ስምሽ ማነው?› ሲሏት ታለቅሳለች።»

ሳቁ። አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነው። ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር አልችልም። ትምህርት ቤት እያለሁም የማውቀውን መልስ ውጬ የምቀመጥ ልጅ ነበርኩ፤ ከአራተኛ ክፍልም አላለፍኩም። ነርሷ ግን ባለውለታዬ ናት። ክንዴን ዘይት ሲያቃጥለኝ አሠሪዬ ማዳም «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብላ አለፈችው። ፋሻ ይዛ እየመጣች እስኪድን ያጠበችልኝ ነርሷ ናት።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ጎንደሬዋ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ እያስተካከለች፣ «እመብርሃን ትከተልሽ፣ ልጄ» አለችኝ። «ከጨነቀሽ ዝም በይ።»

«ዝም ማለቱንስ ማን ብሏት» አለች ያቺኛዋ ከኋላ።

መርማሪው ጎልማሳ ሰው ነው። ከፊቱ በትንሽ ብርጭቆ ሻይ ተቀምጧል። አጠገቡ አስተርጓሚው አለ፤ ፂሙ የሸበተ የአገሬ ሰው ነው። መርማሪው ስሜን ሳይጠይቅ እጄን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ አዘዘኝ። አስቀመጥኩ። ጥፍሮቼ ሥር ጥቁር ነበር።

«የቤት ሠራተኛ እጅ እንዲህ አይሆንም» አለ። «ይቺ ሁሩብ ናት። ከአሠሪዋ፣ ከካፊሏ ጠፍታ ጋራዥ ውስጥ እየሠራች ነው። ማነው የደበቃት? ክፍሉን የሰጣትስ ማነው?»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ ጠፍተሽ ነው? አትፍሪ። እውነቱን ከተናገርሽ ኢንሻአላህ ይቀላል።»

«አልጠፋሁም፣ ጋሼ። ግራሶ ነው። ከባባ ሞተር ነው።»

ባባ የምንለው የማዳምን አባት ነው። አል መዝሩዒያ ሰፈር፣ እኔ በምሠራበት ቤት፣ አብሮን ይኖር ነበር። በወጣትነቱ ዳህራን ሲሠራ ይነዳት የነበረች አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክል አለችው። መንዳት ካቆመ ቆይቷል፤ መፍታትና ማጽዳት ግን አልተወም። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። አንድ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ ትንንሾቹ ብረቶች ከእጁ ወድቀው መሬቱ ላይ ተበተኑበት። ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀምኩለት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩን በፈታ ቁጥር «ያ ቢንቲ፣ ልጄ!» ብሎ ይጠራኛል።

ማዳም በኩሽናው መስኮት ትጮኻለች። «ባባ! ልጅቷን ለሥራ ነው ያመጣናት!»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ሠርግ ነው?» ይላታል።

ይህን ለመርማሪው በተሰባበረ አረብኛዬ ነገርኩት። አላመነኝም።

«እሺ፣ ምንድን ነው የምትሠሩት? ንገሪኝ።»

ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ተናግሬ አላውቅም። የኋላው ጎማ ይወጣል አልኩት። ጎማውን የሚሸከመው ሹካ የመሰለ ብረት መሐሉ ላይ በወፍራም ቡሎን ተይዟል፤ መንገዱ ሲጎረብጥ በዚያ ላይ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። ቡሎኑን አይመቱትም፣ እያባበሉ ነው የሚስቡት። በግራና በቀኝ በኩል መርፌ የመሰሉ ብረቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል።

«በአረብኛ ሩማን ይሉታል» አልኩት ለአስተርጓሚው። «በእኛ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ኩሽኔታ» አለ አስተርጓሚው። ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

የቀኙና የግራው አይቀላቀሉም አልኩ። እያንዳንዱ ቦታውን ለምዷል። ቀኙን በነጩ ሳህን፣ ግራውን በሰማያዊው አድርገን በላምባ እናጥባለን። ሲደርቅ ግራሶውን በጣቴ እጠቀጥቀዋለሁ፤ አሮጌው ጥቁር ግራሶ በወዲያ በኩል ወጥቶ አዲሱ ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ድረስ። ስስት የለበትም። ባባ «ለብረት የሰሰተ መንገድ ላይ ይቀራል» ይላል።

መርማሪው ሻዩን ረስቶታል። «መርፌዎቹ ልቅ ከሆኑ ቡሎኑ ሲገባ አይወድቁም?»

«አይወድቁም። ግራሶው ይይዛቸዋል።»

ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር በፍጥነት ነገረው። አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «የወንድሜ ሞተር ከኋላ ትወዛወዝ ነበር፣ ከምን ይሆን? ይልሻል» አለኝ።

«ደርቆ ተበልቶ ይሆናል» አልኩ። «ገጥመን ስንጨርስ ባባ ሹካውን ይዞ ይፈትነዋል። ወደ ላይና ወደ ታች እንደ ልቡ መሄድ አለበት። ወደ ጎን ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም። ካለ፣ እንደገና እንፈታዋለን።»

መርማሪው ስልኩን አነሳና የቤቱን ቁጥር ጠየቀኝ። የባባ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«የት ነው የወሰዳችኋት?»

«ሐጂ፣ ልጅቷ ከቤት ጠፍታ ነበር ወይ?»

«ማነው የጠፋው? ትናንት ጠዋት እዚሁ ነበረች! ቀኙን ጨርሰን ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ተነሥታ ሄደች። ግራው ሳህኑ ላይ እየጠበቃት ነው። ንገራት፣ አልነካሁትም።»

ዓርብ ዓርብ እንድወጣ ማዳምን የሚለምንልኝ እሱ ነው። የት እንደምሄድ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

መርማሪው ስልኩን ዘጋ። ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

«ኸላስ፣ ሁሩብ አይደለሽም። አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረን። ክፍሉን የከፈተላችሁ ሰው ስሙ ማነው? ስም ስጪኝና ዛሬውኑ ወደ ሽማግሌው ትመለሻለሽ።»

ሰማያዊው ሳህን ታየኝ። የነርሷ ጣቶች ፋሻውን ቆዳዬ እንዳይላጥ ቀስ እያሉ ሲፈቱም ታዩኝ። ስሟ አፌ ውስጥ ነበር፤ አጭር ስም ነው።

«እጄ የሠራውን ነግሬዎታለሁ» አልኩ። «የሌላ ሰው እጅ የሠራውን አልናገርም።»

አስተርጓሚው አልተረጎመም። ጎንበስ ብሎ፣ «እህቴ፣ ‹አታውቅም› ብዬ ልለፈው? ይሻልሻል» አለኝ።

ደግ ሰው ነው። ግን አውቃለሁ፤ እንደማውቅም መርማሪው ያውቃል።

«አይ፣ ጋሼ። እንዳልኩት ይበሉልኝ።»

እንዳልኩት አለለት። መርማሪው ለረጅም ጊዜ ጥፍሮቼን አየ። ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ ገፋ አደረገና ለጠባቂዋ፣ «እጇን ትታጠብና መልሻት» አላት። ታጠብኩ። ጥፍሬ ሥር ያለው አልለቀቀም።

ስመለስ ሁሉም ተነሡ።

«ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ስትይው ነበር?» አለች ያቺ የምታሾፍብኝ።

«ስለ ሞተር።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ሞተር ኩሽኔታ።»

«እንዴ፣ አሁን ደግሞ ቀልድ ጀመረች!» አለችና ዓይኔን ስታይ ሳቋን አቆመች። ጎንደሬዋ ከግድግዳው ጥግ፣ ማቀዝቀዣው ከማይደርስበት ቦታዋ ተነሥታ ብርድ ልብሷን አነጠፈችልኝ።

ከዚያ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም ጫማ እናያለን። ነርሷ ነጭ የሆስፒታል ጫማ ነበር የምታደርገው። የላስቲክ ጫማ ገባ፣ ባዶ እግርም ገባ። ነጭ ጫማ አልገባም።

ባባ ካፊሌ አልነበረም፤ ካፊሌ የማዳም ባል ነው። እሱ የመውጫ ወረቀቱን፣ ኹሩጁን ፈረመልኝና ወደ አገሬ ተሸኘሁ። ሻንጣዬን ሾፌሩ አመጣልኝ፤ ባባን አላየሁትም።

አሁን የምኖረው ባጃጅ በሚበዛበት መንገድ ዳር ነው። የደረቀ ኩሽኔታ ሲያልፍ ገና ከሩቅ አውቀዋለሁ። ነርሷ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፤ እዚያው ሥራዋ ላይ ናት። ስለ ክንዴ ትጠይቀኛለች፣ ደህና ነው እላታለሁ። ያን ቀን የተባለውን አልነገርኳትም። ብነግራት ማመስገን ትጀምራለች፣ እኔም የምገባበት ይጠፋኛል።

የማስበው ስለ ግራው ነው። ባባ በሕይወት ይኑር አላውቅም፤ ያን ጎን ከማን ጋር ገጥሞት እንደሆነም አላውቅም። ያን ዓርብ ስወጣ ሰማያዊውን ሳህን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜው ነበር፣ አቧራ እንዳይገባበት። እመለሳለሁ ብዬ ስለነበር ጨርቁን አላሰርኩትም፤ ጣል ነው ያደረግኩት።