ግንቧ እና «ቆይ» የምትለው ቃል

በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ በወንዶች ክፍል የምትሠራ ነርስ ነበረች። ትከሻዋ ሰፊ ስለሆነ ባልደረቦቿ «ግንቧ» ይሏታል። ታማሚ ሲነሳበት ሌላው ወደ በር ይሸሻል፤ እሷ ወደ ሰውየው ትሮጣለች። ጠልፋ ትጥለዋለች፣ ደረቱን በጉልበቷ ተጭና ከአልጋው ጋር ትጠፍረዋለች። እሷም ቢሆን አልቀረላትም፤ አንዱ አፍንጫዋን ሰብሯል፣ ሌላው ክንዷን ነክሶ ዘንጥሎታል።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ ነው የምትሄጂው ጦርነት?» ትላታለች እናቷ።

«ደሞዝ ያለው ጦርነት ነው፣ እማ።»

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጣ። ድብድቡ ከምን እንደሚነሳ ከነርሶቹ ጋር ሆኖ ሊያጠና ነው። ጠብ በተነሳ ቁጥር፣ ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ፣ ታማሚውም ባለበት ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው ምት በፊት ምን እንደተባለ ያስታውሳሉ። ከወራት በኋላ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ታማሚው ስልክ ይጠይቃል፤ «ቆይ» ይሉታል። ደግሞ ይጠይቃል፤ ደግሞ «ቆይ»። ከዚያ ቡጢ ይከተላል።

የግንቧ ደም ፈላ። «እንግዲህ አፍንጫዬ የተሰበረው በራሴ ጥፋት ነው በሉኛ! እርስዎ አንድ ጥፊ እንኳ ቀምሰው ያውቃሉ?»

«አላውቅም፣ ሲስተር። ቃሉን ለይቻለሁ፤ በምትኩ ምን እንደሚባል ግን ያለ እናንተ ማወቅ አልችልም።»

እሱ ማሰሪያው ጨርሶ ይቅር አለ፤ እሷ «አይሆንም» አለች። ሲከራከሩ ሰንብተው ተስማሙ፦ «ቆይ» ያለ ሰው ምክንያቱንና ሰዓቱን ይናገራል፤ ማሰሪያው የመጨረሻ አማራጭ ይሆናል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ድሮ ብረት በያጅ የነበረ ታማሚ ለልጁ እንዲደውል በተነገረው ሰዓት መጣ። ስልኩ ተበላሽቷል። አዲስ የመጣ ነርስ ይህን ሳይነግረው «ቆይ አልኩህ እኮ!» ብሎ ጮኸበት። በያጁ ወንበር አንስቶ ነርሱን ፈነከተው፣ መስኮቱንም ሰባበረው። ተመራማሪው ሊገላግል ሲገባ በስባሪ መስታወት ጉንጩን ተለተለው። ደሙ ሸሚዙን አጠበው።

ግንቧ የበያጁን እጅ ከነመስታወቱ ያዘች። መዳፏ ተሰነጠቀ። ጉልበቷ ለምት ተነሳ፤ ግን መለሰችው።

«ስልኩ ተበላሽቶ ነው፣ ወንድሜ! በኔ ትደውላለህ!»

በቴስታ አፏን መታት፤ ጥርሷ ወለቀ። አልለቀቀችውም፤ አልመታችውምም። መራገጡን አላቆም ሲል ግን ሌሎቹ ደርሰው አሰሩት። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለልጁ ደወለችና ስልኳን በደማ እጇ ጆሮው ላይ ያዘችለት።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?» አለች ልጁ። ሰውየው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሲረጋጋ ፈቱት።

በማግስቱ ሁሉም ተሰበሰቡ፤ ተመራማሪው ጉንጩን ተሰፍቶ፣ በያጁ አንገቱን ደፍቶ። ግንቧ ጥርስ በጎደለው አፏ ተናገረች፦ «ፈርቼ ነበር። ሁልጊዜም እፈራለሁ፤ የምመታውም ስፈራ ነው።»

«መበላሸቱን ብትነግሩኝ ኖሮ...» አለ በያጁ፣ ቀስ ብሎ።

የተፈነከተው ነርስ ሥራውን ለቀቀ፤ ማንም አልፈረደበትም። ለክፍሉ ሁለተኛ ስልክ ተገዛ። ድብድቡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አሁን ግንቧና ተመራማሪው አዳዲስ ነርሶችን አብረው ያሠለጥናሉ፤ እየተጨቃጨቁ።