ከባሕሩ ጋር የተደረገው ውጊያ

የባሌ አጎት ዶአን ብዙ የማያወራ ሰው ነበር፤ ካወራም ስለ ዓሣ ነው። መንደራችን ከሃኖይ በስተደቡብ ባለው በታን ሆዋ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ወንዙ ከባሕሩ የሚገባበት ቦታ ላይ ናት። እዚያ ከዓሣ ሌላ ወሬ ያለው ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ካድሬ። ሚስቱ ሉዋ ግን የእሱንም ድርሻ ጨምራ ታወራለት ነበር።

አሜሪካኖች እኛን ሰሜኖቹን መደብደብ የጀመሩበት ነሐሴ ነው። ከጥቂት ቀን በፊት የእኛ ጀልባዎች አንድ መርከባቸውን አሳደው ተታኩሰው ነበር። ይህን እኛም አልካድንም፣ እነሱም አልካዱም። ጣጣው የመጣው ተደረገ ከተባለው ከሁለተኛው ውጊያ ነው።

በዚያ ሰሞን ዶአንን ንፋስ ወደ መሐል ባሕር ገፍቶት ሰንብቶ፣ አንድ ጠዋት ባዶ መረቡን እየጎተተ ተመለሰ። ፊቱ ጠቁሯል። የመንደሩ ሊቀመንበር ታክ ዳር ቆሞ ነበር።

«ምነው ጋሼ ዶአን፣ ባሕሩ ጾም ያዘ?»

«ዓሣ ከየት ይምጣ። አሜሪካኖቹ ሲያባርሩት አደሩ።»

«ምኑን?»

«ዓሣውን ነዋ። ሁለት ትልልቅ መርከቦች ናቸው። ይዞራሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ደግሞ ይዞራሉ። ውሃውን ሲቀጠቅጡት አነጉ።»

«ከማን ጋር ነው የሚዋጉት?»

«ከማንም። ከባሕሩ ጋር።»

«የእኛ ጀልባ አልነበረም?»

ዶአን አሰበበት። «እኔ ነበርኩ» አለ።

ታክ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን አውሮፕላኖች መጡ። የወንዙ አፍ ላይ የታሰሩትን ጀልባዎች መቱ፤ አንዷ ቦምብ ስታ የባልቴቷን የእማማ ቴምን ቤት ከነአሳማዋ አነደደችው። ማታ በድምፅ ማጉያው ምክንያቱን ሰማን። አሜሪካ የእኛ ጀልባዎች ትናንት በድጋሚ ወጉኝ ትላለች፤ የእኛ መንግሥት ደግሞ ትናንት የወጋ ማንም የለም ይላል።

በማግስቱ እማማ ቴም አመዷን ትታ ዶአን በር ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ አስታውስ ልጄ። አንዲት ጀልባ እንኳ አልነበረችም?»

«አልነበረችም እማማ።»

«በጨለማ እንዴት አወቅህ?»

«በተኩሱ ብርሃን መርፌ ይለቀም ነበር።»

«ታዲያ የእኔ ቤት የተቃጠለው በምን ምክንያት ነው?»

«በምንም።»

«በምንም ቤት ይቃጠላል? ስማኝ፣ ዶሮ ሰረቅሽ ተብዬ የምገረፍ ከሆነ፣ ዶሮዋን በልቻት ልገረፍ። አንዲት ጀልባ አይቻለሁ በል። ምን ይጎዳሃል?»

ዶአን ያላየሁትን አየሁ አልልም አለ። መንደሩ ግን ከእማማ ቴም ጋር ወገነ። ለምንም ከመደብደብ፣ ለአንድ ነገር መደብደብ ይሻላል። ታክ መሐል ቤት ተቸገረ። ውጊያው ነበረ ቢል መንግሥትን ሐሰተኛ ማድረጉ ነው፤ አልነበረም ቢል የሕዝቡን ወኔ መግደሉ ነው። ስብሰባ ጠርቶ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ ሲል ወሰነ፦ «ለውጭ ሰው ምንም አልነበረም። እርስ በርሳችን ስንጫወት ግን ትንሽ ነገር ቢኖር አልከለክልም።»

ነገሩን ያባሰችው ሉዋ ናት። ሩዝ እየበላን ሳለ ድንገት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ያን ሌሊት ፋኖስህን አብርተህ ነበር?»

«ያለ ፋኖስ ዓሣ ይመጣል እንዴ?»

«በል እንግዲህ፣ ወጋን የሚሉት አንተን ነው።»

ለቀልድ ነበር። ከእሷ አፍ ወጥቶ ግን መንደሩን ለመዞር ፀሐይ እስክትጠልቅ አልቆየም። ሰው ሁሉ «ጓድ አድሚራል» እያለ ሰላምታ ይሰጠው ጀመር። ዓሣ የሚገዙት ሴቶች «የባሕር ኃይላችን ዛሬ ምን ያዘልን?» ይሉታል። ሽማግሌዎቹ ወንበር ይለቁለታል። ዶአን ግን ምግብ እምቢ አለው። በመጨረሻ ታክ ዘንድ ሄደ፤ ታክ የትምባሆ ጋያውን እየሳበ ነበር።

«እውነቱን ንገረኝ። ጦርነቱ የመጣው በእኔ ፋኖስ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ለመዋጋት የተነሳ ሰው እኮ ፋኖስ አያጣም» አለ ታክ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አደራ፣ አይደለም ብለህ አትከራከር። ሰዉ ደስ ብሎታል።»

ደስታው ብዙ አልቆየም። ጦርነቱ እውነተኛ ሆነ። የዶአን ጀልባ ተቃጠለች፤ ድልድዮቹ ፈረሱ፤ እኛም ጉድጓድ ውስጥ መኖር ለመድን። የዶአንና የሉዋ አንድያ ልጅ ኻይ፣ በዚያ ነሐሴ ገና ተማሪ የነበረው፣ ካደገ በኋላ ወደ ደቡብ ዘመተና በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዶአንን አድሚራል ብሎ የጠራው የለም። ሉዋም ወሬ ቀነሰች።

ሰላም ከሆነ በኋላ እማማ ቴም ታመመች። እኔ አስታምማት ስለነበር እዚያው ነበርኩ። ዶአን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዓሣ ሾርባ ይዞላት መጣ። አልጠጣችውም።

«አሁንም አላየህም?» አለችው።

ዶአን ሳህኑን አስቀመጠ። «አይቻለሁ» አለ።

«ስንት?»

«አንዲት ጀልባ።»

«ለዚያ ሁሉ አንዲት ጀልባ ብቻ?»

ዶአን ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት። «ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ ተጠግታ አሜሪካኖቹን መታቻቸው። ጭስ አየሁ።»

«መዋሸት አትችልበትም። ቀጥል። ማነው የሚነዳት?»



«ኻይ» አለ።

ኻይ ያኔ ትምህርት ቤት እንደነበር እማማ ቴም ታውቃለች፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እጁን ፈልጋ ያዘችው።

«ጎበዝ ነጂ ነበር» አለች።

እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ነገራት። ኻይ መሪውን እንዴት እንደጠመዘዘ፣ ማዕበሉ እንዴት እንዳነሳው፣ ሳይነካ እንዴት ወደ ቤቱ እንደተመለሰ። ያን ያህል ሲያወራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቆይቶ የታሪክ አጥኚዎች ከሃኖይ በመኪና መጥተው፣ በዚያ ጊዜ ባሕሩ ላይ ምን እንዳየ ጠየቁት።

«ምንም አልነበረም» አላቸው።

እነሱም አመስግነው፣ የደረቀ ዓሣ ገዝተው ሄዱ።