ጋሼ ያልሰፉት እግሬ

የአጎቴን የጋሼን መርዶ አሰብ ድረስ ያመጣልኝ እህቴ በሹፌር የላከችው ደብዳቤ ነው። አንብቤ ሳልጨርስ እንባዬን ንዴት ቀደመው። ለቅሶው ላይ «የወንድሙን ልጅ እንኳ ተጠይፎ ያልሰፋ ድሬሰር» ተብለዋል አሉ። እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ!

በቆቦ ክሊኒክ ቁስል አጣቢና ሰፊ የነበሩት ጋሼ፣ ደሴ ተመርምረው የጉበት በሽታ በደማቸው እንዳለ ከተነገራቸው ወዲህ የማንንም ቁስል ሰፍተው አያውቁም። ማሽላ ስናጭድ ማጭድ እግሬን የቆረጠኝ ዕለትም ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከተኛሁበት አልጋ ራስጌ ቆሙ። እናቴ ክሊኒኩ በር ላይ ወረፋ የያዘው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፦ «ምነው ጋሼ፣ ልጅዎን ተጠየፏት?»

«ስሰፋ መርፌው ጣቴን ቢወጋኝ ደሜ ቁስሏ ውስጥ ይገባል። በሽታዬን ላውርሳት እንዴ?» ብለው እሳቸውም ወረፋው ሁሉ እየሰማ መለሱና ወደ ጀማሪዋ ነርስ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ እጁ ያንቺ፣ ዓይኑ የእኔ።» ሁልጊዜም የሚሏት ይህንኑ ነበር። እየነገሯት ሰፋችኝ።

አሁን ያ ይቆሙበት የነበረው የክሊኒኩ አልጋ ራስጌ ባዶ ነው። እኔ ጠባሳዬን ይዤ ሩቅ ነኝ፤ ከዚህ ብጮህ ማን ይሰማኛል? ያን ቀን ወረፋ ላይ የነበራችሁ ግን እዚያው ናችሁ። እባካችሁ፣ ለአርባቸው ስትሰበሰቡ አንዳችሁ ተነሱና ያሉትን ተናገሩላቸው።