ጋሼ የመረጡልኝ ሬዲዮ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጋሼ የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። ይኸው፣ እንዲህ ተናድጄባቸው እንኳን «ናቸው» እያልኩ ነው፤ አንቱታው ከአፌ አይለይም። እሱም ራሱ ያናድደኛል።

ባሌ የጣሪያ ሠራተኛ ነው። ከቶሮንቶ በስተሰሜን፣ አዳዲስ ቤቶች በሚሠሩበት ሜዳ ላይ፣ በጋውን ሙሉ ጣሪያ ላይ ይውላል። እዚያ ስልክ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ አይሠራም፤ ወጀብ በመጣ ቀን ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። አንድ በጋ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲያጓራ ብደውል ብደውል አልገባ ብሎኝ፣ ማታ ሲመለስ በር ላይ ቆሜ እያለቀስኩ ነው የተቀበልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ተምሬ፣ ተፈትኜ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ፣ በራሴ ሬዲዮ በአየር ላይ መናገር የሚያስችለኝን፣ ያወጣሁት። ወጀብ ከሚከታተሉ በጎ ፈቃደኞች ጋርም ገባሁ። ሰማዩ ሲከፋ መኪናችንን ገላጣ ቦታ አቁመን ደመናውን እናያለን፣ ያየነውን በሬዲዮ እንናገራለን። ለባሌ መስሚያ ብቻ የሆነች ትንሽ ሬዲዮ ገዝቼ ቀበቶው ላይ አሰርኩለት። ስልክ ቢጠፋ የእኔን ድምፅ ሰምቶ ከጣሪያ ይወርዳል። የፈለግሁት ይኼን ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም።

የቀረኝ መኪናዬ ላይ የሚገጠመው ሬዲዮ ነበር። ምን እንደምፈልግ አሳምሬ አውቃለሁ። ዓይኔ ደመናው ላይ ሆኖ ጣቶቼ በዳበሳ የሚያገኙት ትልልቅ ማዞሪያ ያለው፣ ድምፁ ከዝናብ በላይ የሚሰማ፣ ጉልበቱ ሩቅ የሚደርስ። መልኩ ምን ሊያደርግልኝ? ልድረው ነው እንዴ?

ግን እኛ ቤት የመኪና ዕቃ ያለ ወንድ አይገዛም። ባሌ «ጋሼን ይዘሽ ሂጂ፤ ሳንነግራቸው ገዝተን ቢሰሙ ይቀየሙናል» አለኝ። እውነት ነው፣ ጋሼ መኪና ያውቃሉ። ስካርቦሮ ውስጥ እሳቸው ኮፈኑን ከፍተው ሳያዩለት ያገለገለ መኪና የገዛ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ስለ ሬዲዮ የሚያውቁት ግን ዜና መስማት ነው።

ኖርዝ ዮርክ ያለ አንድ ሱቅ ሄድን። ሻጩን፣ ሽበት ያለው ፈረንጅ ነው፣ የምፈልገውን አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ አስረዳሁት። እሱም ሳያንገራግር ጥቁር፣ ደረቅ ያለ፣ ባለ ትልልቅ ማዞሪያ ሬዲዮ አወጣልኝ። ልክ የልቤን። ጋሼ አንስተው አገላበጡት።

«ይኼማ የድሮ ታክሲ ሬዲዮ ነው። አንቺ ምን ጎድሎሽ ነው?»

ከዚያ ዓይናቸው የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ሰፊ ስክሪን ያለው፣ በቀለም የሚያብረቀርቅ፣ ሁሉ ነገሩ በጣት የሚነካ። «ይኼ! ዕቃ ማለት ይኼ ነው!»

«ጋሼ፣ ማዞሪያ የለውም እኮ። እኔ ሳላየው ነው የምፈልገው።»

«ዘመኑ የጣት ነው፣ ልጄ። ስልክሽ ማዞሪያ አለው?»

ሻጩ እንኳን «ለእሷ ሥራ የመጀመሪያው ይሻላል» አለ። ማን ሰምቶት! ጋሼ «ላስት ፕራይስ?» ብለው ዋጋ ሊያስቀንሱ ገቡበት። እኔ የምሸሸግበት ጠፋኝ። ካርዴን ሳወጣ ደግሞ እጄን ለቀም አደረጉና «እኔ ነኝ የምገዛልሽ» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ አይደረግም!»

«በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ይባላል? ለሻጩ ያን ሁሉ ስዘረዝር የቆየሁት ሴትዮ፣ ምላሴ ተሳሰረና በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን» አልኩ። ሻጩ ባለማዞሪያውን ወደ መደርደሪያው መለሰው።

ጋሼ ራሳቸው መኪናዬ ላይ ገጠሙት፣ መረቁትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ አሳያቸው» እያሉ ባሌን ወደ ፓርኪንግ ይልኩታል። እኔ አንጀቴ እርር እያለ ፈገግ እላለሁ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ባሌ ሥራ ላይ ነው፤ ጋሼ እኛ ቤት ምሳ በልተው ገና ሳይነሱ በስተምዕራብ ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። ቁልፌን ሳነሳ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለው ተከትለውኝ ገቡ። መንገድ ላይ ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነው። «ይህቺስ ምንድናት? ይህቺስ?» ጋሼ ይተዉት ብላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሜዳ ዳር አቆምኩና መስኮቱን አውርጄ አየሁ። ከደመናው ሆድ ስር ጠቆር ያለ ነገር ወርዶ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። የሚሄደው ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ባሌ ወዳለበት። መናገሪያውን አንስቼ ተናገርኩ። መልስ የለም። ዞር ብዬ ሳይ ስክሪኑ እኔ የማላውቀው ገጽ ላይ ነው፤ ጋሼ ሲነካኩ ከመስመራችን አውጥተውታል! ለመመለስ ብነካው እጄ በዝናብ ረጥቧል፣ አይሰማም። በቀሚሴ ጠረግሁት፣ ነካሁት፣ ሌላ ገጽ ከፈተ። በስልኬ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም። ቴክስት አደረግሁ፣ አልሄደም። የሬዲዮው ስክሪን ግን ማማሩ! ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ። ጋሼ ከጎኔ «ቀስ ብለሽ ንኪው፣ ቀስ ብለሽ» ይሉኛል። እሪ አልኩ። ቃል አልነበረውም፣ እሪታ ብቻ።

መስመሩን ሳገኘው ነፋሱ አልፎኝ ሄዷል።

ባሌን ነፋሱ ጣሪያ ላይ አገኘው። ተንሸራቶ ጠርዙ ላይ ወገቡ ላይ የታሰረው ገመድ ያዘው፤ ግራ እጁ ግን ተሰበረ። ጋሼን ቤታቸው አውርጄ ስመለስ ነው የተደወለልኝ፤ ሆስፒታል ስደርስ በጄሶ ታስሮ ተቀምጧል። «ሬዲዮዋን ጆሮዬ ሥር ይዤ ድምፅሽን ስጠብቅ ነበር» አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ የሆነውን እየነገርኩት አለቀስኩ። እሱ ደግሞ በደህና እጁ እያባበለኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼን በሬዲዮው ምክንያት ነው እንዳትያቸው። ይከፋቸዋል።»

ይከፋቸዋል! ሰውዬው ከሞት ተርፎ የሚያስበው የጋሼን ቅሬታ ነው! እዚያው ኮሪደር ወጥቼ ኮል አደረግኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አንዲት ሳላስቀር፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ ሱቅ ውስጥ ጠንከር ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«በሞቴ ብለውኝ እኮ ነው! በሞቴ ተብሎ ምን ልበል? ያቺ በሞቴ ባሌን ልትገድልብኝ ነበር!»

«እኔ የማልኩት በራሴ ሞት ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል። አዘንኩላቸው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። እስካሁንም አልበረደም።

ባለቀለሙን አስነቅዬ ጋሼ ቤት ሳሎናቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ባለማዞሪያውን ብቻዬን ሄጄ፣ በራሴ ካርድ ገዛሁ። ሳላማክራቸው መግዛቴን ሰምተው ተቀየሙ፤ ይቀየሙ።

የባሌ እጅ ድኖ ጣሪያ ላይ በተመለሰበት ሰሞን ሰማዩ እንደገና ከፋ። ጋሼ ዛሬም «ብቻሽን አትሄጂም» ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። ሜዳው ዳር ደርሰን ስናቆም ደመናው ወርዷል። በዓይኔ ጥግ ሳይ ጣታቸው ወደ ማዞሪያው ትሄዳለች።

«ጋሼ፣ በሞቴ!» አልኩ።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ። እኔ ዓይኔን ከደመናው ሳላነሳ መናገሪያውን ያዝኩና ያየሁትን ተናግሬ፣ ጣሪያ ላይ ያላችሁ ውረዱ አልኩ።