ፖሲብል፣ ኢንሻአላህ

ሱቄ ውስጥ የመደርደሪያውን አንድ እግር ደግፎ የያዘ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለ። ሽፋኑ ከወለቀ ቆይቷል፤ ስንት ጀሪካን ቢጫንበት ግን ንቅንቅ አይልም። ፈረስ መጋላ ላይ ጀሪካንና በርሜል መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ከተማው ውሃ በተቸገረ ቁጥር የእኔ ሱቅ ይደምቃል። ዝናብ ሲጸለይ አሚን የምለው በግማሽ ልብ ነው ብለው የሚያሙኝ ጎረቤቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ባለፈው ሳምንት መደርደሪያውን ላጸዳ መጽሐፉን ሳወጣው የቁጢ እድፍ ያለበት ገጽ ላይ ተከፈተ። የቡና ቅጠሉ ሽታ እስከ ዛሬ ያለ መሰለኝ።

መጽሐፉ የታላቅ እህቴ የሰሚራ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ አንደኛ ወጥታ የተሸለመችው። ልጅ እያለሁ የምንኖረው ፈላና በር አጠገብ ነበር። ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ሲያሰኘው በሁለት ሳምንት ይመጣል። ቦኖው ጋ ጀሪካኖቹ ከግንቡ ሥር ተሰልፈው ይውላሉ፤ የእኛዎቹ እጀታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባቸዋል። ጀሪካን ደግሞ ብቻውን ተራ አይጠብቅም። አጠገቡ ሰው ከሌለ እግር አውጥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል።

እናቴ ትንሹን ወንድማችንን ከወለደች በኋላ ወገቧ እምቢ አላት። አባታችን ጅግጅጋ እየተመላለሰ ስለሚነግድ ቤት አይገኝም። ሰሚራ ስምንተኛን ሳትጨርስ ትምህርቷን አቁማ ከጀሪካኖቹ ጋር ቆመች። እናቴ «ቧንቧ ሲገባ ትመለሻለሽ» አለቻትና ዩኒፎርሟን አጥባ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ በሰልፉ አጠገብ አልፋለሁ። ትናንት ምን ተማራችሁ ትለኛለች። መልሴ ካልጣማት ደብተሬን ተቀብላ እዚያው ቆማ ታርምልኛለች።

ከዚያ አንድ የውጭ ድርጅት ለተመረጡ ሰፈሮች ቧንቧ ሊያስገባ ነው ተባለ። ሰፈሩ በእንግሊዝኛ አንድ ፎርም ሞልቶ መላክ ነበረበት። የሰፈራችን ሴቶች አፎቻ፣ በሠርግም በለቅሶም አብሮ የሚቆመው ማኅበራቸው፣ ጉዳዩን ያዘና እኛ ቤት ተሰበሰበ። የአፎቻው ታላቅ ሐጅያ ሐሊማ ከፍ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ሰሚራ ብዕር ይዛ፣ እኔ መዝገበ ቃላቱን ታቅፌ ከእግራቸው ሥር ሆንን። ለውዙ እየተፈለፈለ፣ ቁጢው በተቆጠበ ውሃ ተፈልቶ እየተቀዳ፣ ስንት ቤት፣ ስንት ሕፃን፣ ስንት ሽማግሌ የሚለው ሁሉ ተሞላ። የቀረው የመጨረሻው ጥያቄ ነበር፤ ሥራው ምን ያህል ሊሳካ የሚችል ነገር ነው የሚል።

ሰሚራ ቃሏን አስቀድማ መርጣ ነበር፤ ፊዚብል። ሐጅያ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ ፊርማቸውን አያስቀምጡም። እኔ አነበብኩ፤ ባለው ገንዘብና አቅም ሊሠራ የሚችል ይላል። ወደ ቤታችን ቋንቋም መለስኩላቸው።

ሐጅያ ረጋ ብለው «ገንዘቡ ካለንማ ለምን እንለምናለን?» አሉ።

ሴቶቹ ሳቁ፤ ቁጢውም ገጹ ላይ የፈሰሰው ያኔ ነው። ሰሚራ ፕራክቲካል ይሁን ስትል፣ ቅርጫት ሠሪዋ አሚና ሠርተን ሳናየው በተግባር ይሆናል ብለን እንዴት እንጽፋለን አለች። ቫያብል ደግሞ ከተሠራ በኋላ በራሱ ቆሞ መኖር የሚችል ማለት ሆኖ ተገኘ። ሐጅያ አራት ልጅ የቀበሩ ሴት ናቸው። ለተወለደ ልጅ እንኳ ይኖራል ብለን አልፈረምንም፣ ለቧንቧ እንፈርማለን ወይ ብለው ጠየቁ።

ሰሚራ ተንበርክካ ለመነቻቸው። እነዚህ ሰዎች እርግጠኛ ቃል ነው የሚፈልጉት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው አለቻቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከእነዚህ ውስጥ ውሸታም የማያደርገን የቱ ነው?»

ሰሚራ በዓይኗ ያዘችኝ። ምን እንድል እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ ዩኒፎርሟ ከራሷ በላይ ተሰቅሏል። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ትልቅ ሰው አስተያየቴን ጠይቆኝ አያውቅም። ደረቴን ነፍቼ «ፖሲብል» አልኩ። ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር ነው ብዬ አስረዳሁ። ሐጅያ ደስ አላቸውና እፍኝ ለውዝ ሰጡኝ፤ ኢንሻአላህ የሚለውም እንዲጨመርበት አዘዙ። ሰሚራ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ ጻፈችው። ብዕሩን እጅግ ተጭናው ስለነበር ከሥር ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ቃሉ ተቀርጾ ቀረ።

መልሱ ከወራት በኋላ በቀበሌ በኩል መጣ። ሰሚራ ራሷ አነበበችልን። አመልካቾቹ ራሳቸው እርግጠኛ ባልሆኑበት ሥራ ላይ ድርጅቱ መሰማራት እንደሚቸግረው በትህትና ይገልጻል። በሳምንቱ እናቴ ዩኒፎርሙን ከግድግዳ አወረደች፤ ጫፉን አሳጥራ ለእኔ ሰጠችኝ። ሰሚራ ናት ቁልፉን የቆለፈችልኝ።

ቧንቧውን ያገኘው ማዶ ያለ ሰፈር ነው። እነሱ ለጸሐፊ ከፍለው አራቱንም ቃል በጽሕፈት መኪና አስተይበው ነበር። ታንከራቸው ተተከለ፣ ተመረቀ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፓምፑ ተበላሸ፤ የሚጠግነውም ጠፋ። አሁን ጥላው ሥር ጫት ይሸጣል። ሐጅያ በቫያብል ነገር እውነታቸውን ነበር፤ እውነታቸው ግን አንድ ጀሪካን አልሞላም።

እኔም ያንን ዩኒፎርም ለብሼ ብዙ አልገፋሁም፤ አሥረኛ ላይ አቁሜ ወደ ንግድ ገባሁ። እንግዲህ መጽሐፉን ባጸዳሁበት ሳምንት ነው ነቢል የሚባል የሰፈራችን ልጅ ስልኩን ይዞ ሱቅ የመጣው። አዲስ ኮሚቴ አቋቁመው ለውሃ ማመልከቻ ሊልኩ ነው። ያኔ ለአንድ ቃል ግማሽ ቀን ፈጅተን አላህን ፈርተን ነበር፤ ማመልከቻውን የጻፈለት የነቢል ስልክ ግን አራቱንም ቃል በአንድ ትንፋሽ ደርድሮለታል።

«ማዘር፣ በዛ መሰለኝ። የቱን ላስቀር?»

ሰሚራ እንደ ልማዷ በር ላይ የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች። ልጆቿን ድራለች፤ ተራ ከመጠበቅ ግን እስካሁን አላረፈችም። ስልኩን ሳታይ፣ መጽሐፉንም ሳትገልጥ ነገረችው።

«ፊዚብል ባለው ገንዘብና አቅም ሊሠራ የሚችል ነው። እኔ እሱን ልጽፍ ነበር።»

ስለዚያ ቀን ስትናገር የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወደ እኔ አልዞረችም። እኔም ነቢልን አንዱንም አታስቀር፣ እንዳለ ላከው አልኩት። ይረዳዋል ብዬ አይደለም፤ ዳግመኛ መምረጥ ስላልፈለግሁ ነው። አመስግኖኝ ሊወጣ ሲል ተመለሰና ሁለት ጀሪካን ገዛ። ለጊዜው ነው አለኝ። ከእኔ የሚገዛ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ ቤቴን የሠራሁት በእነሱ ነው።

መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው እግር መለስኩት። ሰሚራ ከቀይ ጨርቅ ላይ ሁለት ቁራጭ ቀድዳ በጀሪካኖቹ እጀታ ላይ አሰረችለት፤ ሰልፍ ላይ እንዳይጠፉበት።