አምባሰል ላይ ያገኘሁት ቁጥቋጦ

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ከአምባሰል ገደሎች በቀር የትም አይበቅልም የሚባል ቁጥቋጦ ፍለጋ ከሐይቅ ከተማ ተነስቼ ወጣሁ። አንድ አፋፍ ላይ አብቦ አገኘሁት። በደስታ ሥሩ ተንበርክኬ ፎቶ ሳነሳ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ራቅ ብለው ቆመው ያዩኛል።

"ይምጡ አባቴ፣ አብረን እንነሳ" አልኳቸው።

ንቅንቅ አላሉም። "ስምሽ ማነው ልጄ?" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ።

ነገርኳቸው። አበባውን የምቀጥፍ መስሏቸው ይሆናል ብዬ፣ "አልነካውም፣ አይስጉ" አልኩ።

"አብሽሪ። አሁን ዕቃሽን እዚያው ተዪውና በመጣሽበት ዱካ ቀስ እያልሽ ተመለሺ።"

ቅር እያለኝ ታዘዝኩ። አጠገባቸው ስደርስ ክንዴን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ።

"ከጉልበትሽ አጠገብ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ነበረ" አሉኝ። "ብጮህ ደንግጠሽ ትረግጪዋለሽ ብዬ ነው።"